የእጅ ዋጋ

አገራችን ስም የምታወጣው በምኞት ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ አልማዝ ትባላለች፤ ወርቅነሽ፣ ዕንቁ፣ ሉል፣ ብርነሽ ትባላለች። በየመማሪያ ክፍላችን ስንት አልማዝ እንዳለች መቁጠር ማንንም አያቅተውም። ስሙን ካወጡላት እናትና አባት አብዛኞቹ ግን አልማዝ የሚባለውን ድንጋይ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ማየትም አላስፈለጋቸው። የከበረ፣ የጠነከረ፣ የሚያበራ ነገር መሆኑን ሰምተዋል፤ እሱ ይበቃል።

ታዲያ ልጁን «አንጥረኛው» ብሎ የሰየመ አባት የት አለ? ወርቁ የቁልምጫ ስም ሆነ፤ ወርቁን አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ፈልፍሎ ለአንገትና ለጣት ያበቃው ሰው ሙያ ግን ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖረ። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። የአንድ ጌጥ ክብር ከምን ይመጣል? ከማዕድኑ ነው? ካጌጠበት ሰው ነው? ወይስ ከሠራው እጅ? ከእጁ ከሆነስ፣ ለእጁ የከፈልነው ምንድን ነው?

ጥያቄውን ከሩቅ አገር አንጀምረው፤ ከወረታ እንነሣ። ወረታ የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሻገረው መንገድ የሚለያዩት እዚያ ነው። በምዕራቧ ጣና አለ፤ ሜዳውን ርብና ጉማራ ያጠጡታል። ፎገራ ድሮ በወተት ላሞቹ ነበር ስሙ የሚነሣው፤ ዛሬ ደግሞ ሩዙ ተጨምሮበታል። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የሠርጉ ወር ጥር ይመጣል። ጌጥ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው፤ ድሪው፣ ጉትቻው፣ አምባሩ፣ አልቦው፣ ቀለበቱ፣ በአንገት የሚውለው መስቀል።

አንጥረኛ ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ እንደሚያውቀው የጌጥ ሒሳብ ሁለት ነው። አንዱ የወርቁ ወይም የብሩ ነው፤ በግራም ተመዝኖ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል። ሁለተኛው «የእጅ» ይባላል። በመጀመሪያው ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ ሚዛን ተቀምጧል፣ ሚዛን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ጭቅጭቁ የሚነሣው በሁለተኛው ነው።

«ኧረ የእጁን ቀንስልኝ ወንድሜ!»

«እናቴ፣ ሦስት ቀን እኮ ነው ያጎነበስኩበት።»

«ቢሆንስ! ያው እጅህ አይደል? ከገበያ አልገዛኸው!»

ይህ ክርክር ቀላል ቢመስልም አንድ ሙሉ ፍልስፍና አለበት። እጅ ከገበያ ስላልተገዛ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ወርቁ የተገዛ ነው፣ ከሰሉም የተገዛ ነው፤ እጁ ግን አብሮት የተወለደ ስለሆነ እንደ ነፃ ነገር ይቆጠራል። እጁን እጅ ያደረጉት ዓመታት፣ ከልጅነት ጀምሮ ወናፍ ሥር የተቀመጡት ቀኖች፣ የተቃጠሉት ጣቶች፣ በጭስ የደከሙት ዓይኖች በሚዛኑ ላይ አይታዩም።

ያው ጌጥ ከዓመታት በኋላ ችግር መጥቶ ለሽያጭ ሲወጣ የሚሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ ግራሙ ይነበባል፤ የእጁ ዋጋ ግን የለም። ጌጡ ገና ሳይቀልጥ ቀልጦ ይታሰባል። ሲገዛ መጨረሻ የተከፈለው የእጁ ዋጋ፣ ሲሸጥ መጀመሪያ ይጠፋል።

በአማርኛችን «ወረታ» የሚል ቃል አለን። ላደረጉልን መልካም ነገር የምንመልሰው ነው፤ ወረታ ይከፈላል፣ ወረታ ይመለሳል እንላለን። የከተማዋ ስምና ይህ ቃል አንድ ድምፅ መሆናቸው ለጥያቄያችን ተመችቶናል። ዋጋና ወረታ ልዩነት አላቸውና። ዋጋ የከፈለ ሰው ተገላግሎ ይሄዳል፤ የሻጩን ስምም ማወቅ የለበትም። ወረታ ግን ያለ ሰው አይሆንም፤ ማን እንዳደረገልህ ማወቅን ይጠይቃል። እንግዲህ ለአንጥረኛው ዋጋ ከፍለን ይሆናል፤ ወረታውን ግን ከፍለናል ወይ?

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ጓደኞቻችን እዚህ ላይ እጃቸውን እንደሚያወጡ እናውቃለን። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው «የሕዝቦች ሀብት» በተባለው መጽሐፉ ያነሣው አንድ እንቆቅልሽ አለ። ውኃ ያለ እሱ መኖር የማይቻል ሆኖ ሳለ የሚያወጣው ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፤ አልማዝ ለምንም የማይረባ ሆኖ ሳለ ብዙ ሀብት ያስለቅቃል። ፎገሬው ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ውኃው በነፃ ብቻ ሳይሆን በግድ ነው እቤቱ ድረስ የሚመጣለት። ከስሚዝ መቶ ዓመት ያህል ቆይተው የመጡ ሊቃውንት ለእንቆቅልሹ መልስ ሰጡ። ዋጋን የሚወስነው የነገሩ ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን፣ ካለን ላይ የምትጨመረው የመጨረሻዋ ትንሽ መጠን የምትሰጠን ጥቅም ነው አሉ። ውኃ ስለበዛ ይረክሳል፤ አልማዝ ስላነሰ ይወደዳል።

መልሱ ልክ ነው፤ ግን የተወሰነ መልስ ነው። ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ይነግረናል። ክብሩ ለማን እንደሚገባ አይነግረንም። ደግሞስ «አነሰ» የሚባለው ነገር ሁልጊዜ በተፈጥሮ ያነሰ ነው? የአልማዝን ታሪክ ጥቂት እንመልከት።

አልማዝና አንጥረኛው በወናፍ የሚያነድደው ከሰል በንጥረ ነገራቸው ወገናሞች ናቸው፤ ሁለቱም ካርቦን ናቸው። ልዩነቱ በአደራደራቸው ላይ ነው። ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ አልማዝ በብዛት መውጣት ሲጀምር የማዕድኑን ባለቤቶች ያስጨነቃቸው ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ሴሲል ሮድስ ያቋቋመው ዴ ቢርስ የተባለው ኩባንያ ማዕድኖቹን ጠቅልሎ ያዘ፤ ኩባንያው ለሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ድንጋዩ ለገበያ በልክ እየተቆነጠረ እንዲወጣ አደረገ። በ1947 ደግሞ ፍራንሲስ ጄሬቲ የተባለች የማስታወቂያ ጸሐፊ አልማዝን ከዘላለማዊነት ጋር የምታያይዝ አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፈችለት። ከዚያ ወዲህ አልማዝ የሌለበት ቀለበት ፍቅር የጎደለው መሰለ። በ1954 የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተመራማሪዎች አልማዝን በቤተ ሙከራ ሠሩ። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ለጌጥ ይውላል፤ በንጥረ ነገሩ ከመሬት ከወጣው አይለይም፤ የሚሸጠው ግን እጅግ በረከሰ ዋጋ ነው። ድንጋዩ ያው ከሆነ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ይከፈል የነበረው ለድንጋዩ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ይሁንና የአልማዝን ክብር ሁሉ ማታለያ ነው ብንል እኛም ቸኩለናል። በውስጡ አንድ እውነተኛ ነገር አለ፤ እሱም እጁ ነው። ያልተጠረበ አልማዝ ላልለመደ ዓይን የብርጭቆ ስባሪ ወይም የጨው ጠጠር ይመስላል። እሱን የሚሞርደው የራሱ ዱቄት ነው፤ አልማዝ በአልማዝ ነው የሚጠረበው። ብርሃኑ ገብቶ፣ ተንጸባርቆ፣ ተመልሶ ወደ ዓይን እንዲመጣ ጠራቢው እያንዳንዱን ገጽ በልኩ ማዘንበል አለበት። ክቡ አልማዝ እንዲህ ያሉ ሃምሳ ሰባት ወይም ሃምሳ ስምንት ገጾች አሉት። የማዘንበያውን ልክ ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለው፣ ከአልማዝ ጠራቢዎች ቤተሰብ የተወለደ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በሒሳብ አስልቶ አሳትሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1905 በደቡብ አፍሪካ 3,106 ካራት የሚመዝን አልማዝ ተገኘ። ካራት የግራም አምስተኛ ስለሆነ ከ600 ግራም በላይ ነው። በ1908 አምስተርዳም ላይ የአሸር ቤት ጠራቢዎች ሰነጠቁት፤ ጥረቱ ወራት ፈጀ። 9 ትልልቅና 96 ትንንሽ ፈርጦች ወጡት። ከክብደቱ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በጥረቡ ጠፋ። እስቲ ይህን ወደ ወረታው ሚዛን እንውሰደው። ሁለት ሦስተኛው የጠፋ ነገር ሊረክስ ይገባው ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ ከበረ፣ የእንግሊዝ ዘውድና በትር ላይ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ሚዛን አፍ አጣ። የቀነሰው ድንጋዩ ነው፤ የጨመረው እጁ ነው። የድንጋዩ ስም ግን ኩሊናን ነው፤ የማዕድኑ ባለቤት የቶማስ ኩሊናን ስም ነው። የባለቤቱ ስም ድንጋዩ ላይ ቀረ፤ ወራት ሙሉ ያጎነበሱት ሰዎች ስም ግን ከሥራው ጋር አብሮ አይጠራም።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ወደ ቤታችን እንግባ። አያቶቻችን በአንገታቸው ያዋሉት የብር መስቀል ብዙው ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ። ከጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያይቱ ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1945 ድረስ በአገራችን ሲገበያዩበት ኖረዋል። አንጥረኛው ያንን የባዕድ ንግሥት ፊት በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ መስቀል አደረገው። ብሩ የኦስትሪያ ነው፤ መስቀሉ የጎንደር ነው። ጎንደሬ ያደረገው ምኑ ነው? እጁ ነዋ!

አሠራሩንም እናስታውስ፤ የቅኔ ተማሪ ለነበራችሁ ይህ ቁም ነገር አለው። ከአሠራሮቹ አንዱ እንዲህ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ እሳት ላይ ሲያስቀምጠው ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፤ ውስጡ ባዶ ይቀራል። በባዶው ውስጥ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ሰሙ የነበረበት ቦታ ላይ ወርቅ ይገኛል።

ሰምና ወርቅ! የሊቃውንቶቻችን ትልቁ የቅኔ መንገድ፣ በየጉባኤ ቤቱ ስንት ዓመት የሚለፋበት፣ የኢትዮጵያዊ አእምሮ መለያ ተብሎ የሚጠቀስልን ጥበብ፣ ስሙን የተዋሰው ከአንጥረኛው ምድጃ ነው። ውጭው ይታያል፣ ውስጡ ይፈለጋል የሚለው ትምህርት በመጀመሪያ የእጅ ትምህርት ነበር። ቅኔው ተከበረ፤ ቃሉን ያበደረው ሰው ግን ቡዳ ተባለ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው የአባቶች አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ደረሰ።

ነገሩ ስድብ ብቻ ሆኖም አልቀረም። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል ተባለ፤ ጋብቻ ተከለከለ። በጎንደር አገር ብዙ የብረትና የሸክላ ሥራ የያዙት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ የመሬት ርስት ሲነፈጋቸው እጃቸውን ርስት አደረጉ። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ ያርስ ነበር፤ ያረሰበትንም እህል ሲበላ ማረሻውን የሠራውን ሰው ዓይን ይፈራ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 በተካሄዱት ጉዞዎችና በሌላም ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል። እነሱ ሄዱ፤ ንቀቱ ግን አብሯቸው አልሄደም።

ሕግ አልወጣም ነበር ወይ? ወጥቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ያ ዓመት በፈረንጆቹ 1908 መሆኑን ልብ በሉ፤ ያ ትልቁ አልማዝ አምስተርዳም ላይ የተጠረበበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊትም ዐፄ ቴዎድሮስ ከወረታ በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮጳውያን ባለሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰማርተው እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀልጠዋል። መድፉ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መንገድ ሲያስጠርጉ ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ተጽፏል። የንጉሥ እጅ ድንጋይ ያነሣበት አገር ሰዎች ነን። ነገር ግን ዐዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል፤ ልብን አይከፍትም። ከላይ የመጣ ክብርም መድፉን ተከትሎ መቅደላ ላይ ቀረ።

ከታች የተነሣ ምሳሌ ከፈለግን ግን እዚያው ፎገራ ውስጥ አለ። ከወረታ ብዙም ሳይርቅ አውራምባ የሚባለው ማኅበረሰብ አለ፤ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት። የሚታወቀው በሽመናው ነው። እዚያ የወንድ ሥራ፣ የሴት ሥራ፣ የተናቀ ሥራ የሚባል ክፍፍል አልተቀበሉም። ይህን ያደረጉት ከገበያው ሸሽተው አይደለም፤ የሸመኑትን ይሸጣሉ፣ ዋጋም ይከራከራሉ። እንግዲህ ንግድና የእጅ ክብር አብረው መኖር አይችሉም የሚል ሰው ካለ ሄዶ ይይ።

ሁለት መቃወሚያ ይጠብቀናል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሰነፍ አንጥረኛ ወር ሙሉ ተቀምጦ የተንጋደደ መስቀል ቢያወጣ፣ ወሩን ሁሉ ልንከፍለው ነው?» አይደለም። ካርል ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1867 ባወጣው «ካፒታል» የሥራ ጊዜን የዋጋ ምንጭ ሲያደርግ፣ ለኅብረተሰቡ አስፈላጊ የሆነውን ጊዜ እንጂ የሰነፉን ጊዜ አላለም። እኛ ደግሞ ከጊዜም አልፈን እንላለን። የእጅ ዋጋ በቀን ብቻ አይቆጠርም። ብር ሲበየድ አንድ ትንፋሽ ከዘገየህ ጌጡ ራሱ ይቀልጥብሃል፤ አንድ ትንፋሽ ከቸኮልክ አይያዝልህም። ያችን ትንፋሽ ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቷል። የሚከፈለው ለትንፋሿ ሲሆን ሃያው ዓመት በውስጧ አለ።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል። «ሕዝቡ እንጀራ ሲያጣ ስለ ጌጥ ማውራት ምን ይሉታል? ጌጥ የከንቱዎች ነገር ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ስለ ዘውዱ አልማዝ ከሆነ እንስማማለን። የገበሬ ሚስት ድሪ ግን ሌላ ነው። ባንክ በሌለበት አገር አንገቷ ላይ ያለው ብር ባንኳ ነው። ዝናቡ ሲቀር፣ ጎርፉ ሩዙን ሲወስደው፣ ልጅ ሲታመም፣ ከበሬው በፊት ጌጡ ይወጣል። ከእናቷ የወረሰችው፣ ለልጇ ልታወርስ ያሰበችው ነገር ነው። ይህችን ሴት ከንቱ ናት የሚላት ማን ነው? የእጁ ዋጋ በሚዛን ፊት ሲጠፋም የምትጎዳው እሷው ናት። የአንጥረኛውን እጅ የናቀ ገበያ የእሷንም ችግር አርክሶ ይገዛል። የሁለቱ ዕጣ የተያያዘ ነው።

ንቀቱ አገርንም ያከስራል። በ2000 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ። ቀለሙ በውስጡ የሚጫወት፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ጠጥቶ የሚለወጥ፣ ሲደርቅ ወደ መልኩ የሚመለስ ድንጋይ ነው። ገበሬዎች ገደል ላይ ተንጠልጥለው በዶማና በመዶሻ ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡታል፤ ዋሻው ተደርምሶ ሰው የበላበትም ጊዜ አለ። ከዚያ ብዙው ሳይጠረብ በኪሎ ይሸጥና ሕንድ አገር፣ ጃይፑር ይደርሳል። እዚያ ልጆች ከአባቶቻቸው የወረሱት ሙያ አለ፤ ማንም ጅብ ትሆናለህ አላላቸውም። ድንጋዩ ከእኛ ይሄዳል፤ የእጁ ዋጋ እዚያ ይቀራል። ለዘመናት እጅን ስንንቅ የኖርን ሰዎች፣ ድንጋዩን ስናገኘው የሚጠርበው እጅ በቂ ሆኖ አልተገኘንም። ማሽን መግዛት ቀላል ነው። ልጁን «የእጅ ሙያ ተማርልኝ» ብሎ ሳያፍር የሚልክ አባት ማግኘት ነው የሚከብደው።

ጓደኞቻችን፣ ነገሩ ከእኛ ግቢም ሩቅ አይደለም። አባቱ አንጥረኛ ወይም ብረት ሠሪ ሆኖ ሳለ፣ ሲጠየቅ «ገበሬ ነው» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ በመካከላችን አለ። አይፈረድበትም፤ የሚያውቀውን ፈርቶ ነው። እሱ ግን በአባቱ የእጅ ዋጋ ነው እዚህ የደረሰው። ደብተሩን የገዛለት፣ የአውቶቡሱን የከፈለለት፣ እናቶች «ያው እጅህ አይደል» ብለው የተከራከሩበት ያው ገንዘብ ነው። በምረቃችን ቀን ደግሞ ከመካከላችን አንዱ የወርቅ ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፤ እናጨበጭባለን። ያን ቀን ይህ ልጅ አባቱን ከእንግዶቹ ፊት አቁሞ «አንጥረኛ ነው» ሊል ካልቻለ፣ ያጨበጨብነው ለየትኛው ወርቅ ነው?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አንድና ትንሽ ነው። በክረምቱ ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ አገራችን ስንገባ፣ በእናታችን ወይም በአያታችን አንገት ላይ ያለውን ጌጥ አይተን «ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት «ማን ሠራው?» ብለን እንጠይቅ። ሰውየው በሕይወት ካለ ደጁ ድረስ እንሂድ። የመሣሪያዎቹን ስም፣ የወናፉን፣ የጉጠቱን፣ የመስፉን፣ የሞረዱን፣ እኛ የማናውቀውንም ሁሉ ጽፈን እንምጣ። ፈቅዶ የሚነግረን ከሆነ የራሱንም ስም፣ ሙያውን ያስተማረውንም ሰው ስም እንጻፍ። ይህች መጽሔት ገጽ አላት፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም ወረቀቱ ቢሳሳም ስም ይይዛል። ከፎገራ ሜዳ የሚመጣ ተማሪ ቢጀምርልን ደስ ይለናል።